የሚከፈልበት የዋላ አደን፦ ዋጋውና ስፖርታዊ ጨዋነቱ

በማኅበራችን ዓመታዊ የምሩቃን መገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሥራህ ጋር የተያያዘ ነገር ተናገር» ሲለኝ መጀመሪያ የመጣልኝ ስለ መኖ ማውራት ነበር። እዚህ ግቢ እንስሳት ሳይንስ ተምሬ፣ ቴክሳስ ገብቼ፣ እንጀራዬ የሆነው ለራንቾች መኖ ማመጣጠን ነውና። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ከእናንተ መካከል ሦስት አራት ሰዎች በተለያየ ጊዜ ደውላችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቃችሁኛል። «እዚያ አንተ ያለህበት አገር ሰው ዋላ አጥሮ እያረባ ለአዳኝ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጣል አሉ። እኛስ የደጋ አጋዘናችንን እንዲሁ ብናደርገው ምን ይለናል?» የሚል ነው። በስልክ የሚመለስ አልሆነልኝም። ዛሬ መምህራኖቻችን ባሉበት ልመልሰው።

በቅድሚያ ስሙን እናስተካክል። ብዙ ሰው የአሜሪካውን እንስሳ በአማርኛ «አጋዘን» ይለዋል። እኔ «ዋላ» እለዋለሁ፤ ምክንያትም አለኝ። የኛ አጋዘን፣ ድኩላም በሉት ሚዳቋ፣ የከብትና የፍየል ዘመድ ነው። ቀንዱ አንዴ ከበቀለ እስኪሞት አብሮት ይኖራል። የዋላ ቀንድ ግን በየዓመቱ ይወድቃል፣ በየዓመቱ እንደገና ይበቅላል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ደግሞ የዋላ ዘር በተፈጥሮ የለም። ይህን የምለው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። የቴክሳሱ ንግድ የቆመው በዚሁ በየዓመቱ በሚበቅል ቀንድ ላይ ነው። በየዓመቱ የሚበቅል ነገር በመኖና በማዳቀል ሊገፋ ይችላል። እንስሳት እርባታ የተማራችሁ ወዴት እንደምሄድ ገብቷችኋል።

ቴክሳስ ውስጥ ከመሬቱ ከመቶ 95 እጅ ያህሉ የግል ነው። ዋላው ግን የግል አይደለም። የዱር እንስሳ በሕጉ የግዛቲቱ ሕዝብ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስቲን የሚገኘው የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አርቢዎች በፈቃድ በግቢያቸው የሚያረቧቸው ዋላዎች እንኳ የሕዝብ ሀብት ናቸው ብሎ ፈርዷል። ታዲያ ባለ ራንቹ የሚሸጠው ምንድን ነው? በሩን ነው። መሬቱ የሱ ስለሆነ መግቢያውን ያስከፍላል።

ባለ ራንቹን ስግብግብ አድርጌ ልስልላችሁ አልፈልግም። ኮረብታማው ቴክሳስ በሚባለው አካባቢ ብዙው ሰው በግና ፍየል አርቢ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው የሱፍ ሕግ ለሱፍና ለአንጎራ ፍየል ጠጉር ድጎማ ይሰጥ ነበር። ድጎማው እ.ኤ.አ. በ1995 ቀረ። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ «ፍየሎቼ የመሬት ግብሬን እንኳ አይከፍሉልኝም፤ ዋላው ግን ይከፍልልኛል» ይለኛል። አዳኝ ባይኖር ኖሮ መሬቱ ተሸንሽኖ ለቪላ ቤት ይሸጥ ነበር። ዛፉ የቆመው፣ ምንጩ ያልደረቀው በአዳኝ ገንዘብ ነው ቢል ብዙም አልተሳሳተም። ይህን ሐቅ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዋጋው።

የመንግሥት የአደን ፈቃድ ርካሽ ነው። በቅርብ ዓመታት ለግዛቲቱ ነዋሪ 25 ዶላር፣ ከሌላ ግዛት ለሚመጣ 315 ዶላር ነበር። ከጠመንጃና ከጥይት ሽያጭ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 በወጣ ሕግ 11 በመቶ ገደማ ቀረጥ ይነሣል፤ ገንዘቡም ለዱር እንስሳት ጥበቃ ይውላል። ስለዚህ ተራው አዳኝ፣ ወዶም ሆነ ሳይወድ፣ ጥበቃውን ይደግፋል።

ትልቁ ወጪ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ መንገድ ከጓደኞች ጋር ሆኖ መሬት በዓመት መከራየት ነው። የአንድ ሰው ድርሻ ከአንድ ሺህ ዶላር ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሊደርስ ይችላል። ዋላ ትገድላለህ የሚል ዋስትና ግን የለም። ሌላው መንገድ የሁለት ሦስት ቀን «ፓኬጅ» መግዛት ነው። ማደሪያው፣ ምግቡ፣ መሪውና መኪናው በውስጡ ነው። ዋጋው የሚቆረጠው በቀንዱ ልክ ነው። ቀንድ በኢንች ይለካል፤ የሁለቱ ዋና ዋና ቀንዶች ርዝመት፣ የየቅርንጫፉ ርዝመት፣ በየጎኑ አራት ቦታ የሚለካ ዙሪያ፣ በመሐላቸው ያለው ስፋት ይደመራል። እኔ ካየኋቸው የዋጋ ዝርዝሮች ውስጥ 130 ኢንች አካባቢ ሦስት አራት ሺህ ዶላር፣ 160 ሲደርስ ስድስት ሰባት ሺህ፣ 200 ሲያልፍ ከአሥር ሺህ በላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ቁጥር የለም፤ «ደውለው ይጠይቁ» ነው የሚለው። በዚህ ላይ የመሪው ጉርሻ አለ። ሥጋውን ለሚበልተው ይከፈላል። ጭንቅላቱን ለግድግዳ ለሚያዘጋጀው ባለሙያም ሌላ ብዙ መቶ ዶላር ይጨመራል።

ገንዘቡ መብዛቱ ብቻውን ነውር አይደለም። ሰው በገዛ ገንዘቡ ለሠርግም ለመኪናም ከዚህ የበለጠ ያወጣል። ጥያቄው በዚያ ገንዘብ የሚገዛው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ቀንድ በሦስት ነገር ያድጋል፦ በዕድሜ፣ በምግብ፣ በዘር። ሜዳ ላይ ያለው ባለ ራንች የሚችለው ወጣቶቹን ሳይነካ አምስት ስድስት ዓመት እንዲሞላቸው መጠበቅ ነው። አርቢው ግን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ የሚደርስ አጥር አጥሮ፣ በሰው ሠራሽ ዘዴ አዳቅሎ፣ እኔ የማመጣጥነውን መኖ እያበላ፣ በሁለት በሦስት ዓመት ያደርሰዋል። በዱር ካሉት ነጭ ጅራት ዋላዎች መካከል ቀንዳቸው በተስተካከለው ምድብ የዓለም ሪከርድ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1993 በካናዳ፣ ሳስካችዋን፣ ማይሎ ሃንሰን የተባለ ገበሬ የገደለው ነው፤ ልኩ 213 ከ5/8 ኢንች ነው። በአርቢ ግቢ ውስጥ ግን ቅርንጫፉ የተዘበራረቀ፣ ከ300 ኢንች በላይ የሆነ ቀንድ የተሸከመ ዋላ ታያላችሁ። እንደ ባለሙያ ሳየው ያስደንቀኛል። የወተት ላም አሥር እጥፍ እንድትታለብ ማድረግም ያስደንቃል፤ ላሟን ግን «አደንኳት» የሚል የለም።

አንድ ጠዋት ያየሁትን ላጫውታችሁ። መኖ ላደርስ በሄድኩበት ራንች ከሩቅ ግዛት የመጣ እንግዳ ነበር፤ ደግና ጨዋ ሰው። ከእራት በኋላ መሪው ታብሌት አወጣና በየዛፉ የታሰሩ ካሜራዎች ያነሷቸውን ዋላዎች አሳየው። ከየፎቶው ሥር ግምታዊው ኢንችና ዋጋው ተጽፏል። እንግዳው እንደ ምግብ ቤት ሜኑ እያገላበጠ አንዱን መረጠ። በነጋታው ማማ ላይ ወጡ፤ ሦስተኛ ወንበር ስለነበረ እኔም አብሬ ወጣሁ። ማማዋ እኛ አገር ዝንጀሮ የሚጠበቅባት ዓይነት ናት፤ መስኮት፣ ምንጣፍና ማሞቂያ ያላት ከመሆኗ በቀር። ሰዓቱ ሲደርስ ከፊታችን ያለው ማሽን በቆሎ በተነ። ዋላዎቹ ድምፁን ያውቁታል፤ ከቁጥቋጦው ብቅ ብቅ አሉ። የተመረጠው መጣ፤ ጆሮው ላይ የመለያ ቁጥር የነበረበት ቀዳዳ ይታያል። ቀጥሎ ከሱ የሚበልጥ መጣ። እንግዳው ጠመንጃውን ወደዚያኛው ሲያዞር መሪው በሹክሹክታ «እሱ አራት ሺህ ጭማሪ አለው» አለው። እንግዳው ትንሽ አሰበ፣ ወደ መጀመሪያው መለሰ፣ ተኮሰ። ቁርስ ሳይቀርብ ሁሉም ነገር አለቀ።

ከሰዓት በኋላ «እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጥሩ ነበር» አለኝና ዝም አለ። ቆይቶ «ግን ለልጄ ምን ብዬ እንደማወራለት አላውቅም» አለኝ።

ይህ አባባል ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ነገሩን ያስረዳኛል። እኛ አገርም አዳኝ ሲመለስ ይፎክራል። ታዲያ በወጥመድ ስለያዘው ሚዳቋ፣ ወይም በረት ገብቶ ስለገደለው ወይፈን የፎከረ ሰው ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። ፉከራው ዋጋ የሚያገኘው አውሬው ሊያመልጥ፣ ሊጎዳ፣ አዳኙም ባዶ እጁን ሊገባ ይችል ስለነበረ ነው። የሚወራ ነገር የሚፈጥረው ያ ስጋት ነው። ስጋቱን በገንዘብ ስታስወግደው ወሬውም አብሮ ይሄዳል፤ የሚቀርህ ቀንዱ ብቻ ነው።

አሜሪካኖቹም ይህን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1887 ቲዎዶር ሩዝቬልት ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው ቡን ኤንድ ክሮኬት የተባለ ክለብ አለ። የቀንድ አለካኩም፣ የሪከርድ መዝገቡም የነሱ ነው። «ፌር ቼዝ» የሚሉት መርህ አላቸው። በአጭሩ ሲተረጎም፣ እንስሳው በዱር ነፃ ሆኖ የሚኖር ይሁን፣ አዳኙም የማይገባ ብልጫ አይያዝበት ማለት ነው። በዚህ መርህ መሠረት ማምለጫ በሌለው አጥር ውስጥ የተገደለ እንስሳ፣ ቀንዱ የፈለገውን ያህል ቢረዝም፣ መዝገባቸው ላይ አይሰፍርም። የሞንታና ግዛት ሕዝብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በሕዝበ ውሳኔ፣ በእርባታ ግቢ ያለን እንስሳ እያስከፈሉ ማስገደልን ከልክሏል። እነዚህ ሰዎች አደን ጠል አይደሉም። አብዛኞቹ ራሳቸው አዳኞች ናቸው፤ የተከራከሩትም ለአደን ክብር ነው።

ሚዛናዊ ለመሆን፣ አጥር ሁሉ አንድ አይደለም። በብዙ ሺህ ኤከር በታጠረ ጫካ ውስጥ ዋላው ለሳምንት ሊሰወርህ ይችላል። በሃምሳ ኤከር ውስጥ ግን የት ይገባል? እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ሁለት ነገር አጣራ እለዋለሁ። አንደኛ፣ ከፍለህ ባዶ እጅህን ልትመለስ ትችላለህ ወይ? «አይቻልም፣ ዋስትና አለን» ካሉህ የምትገዛው አደን ሳይሆን እርድ ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘብህ የሚሄደው መሬቱን ለማኖር ነው ወይስ ግቢውን ለማስፋት? አሜሪካ የምትኖሩና በጓደኛ ግብዣ ወደ ራንች የምትሄዱ ምሩቃን፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን ጠይቁ። ነውር የለበትም፤ ጨዋ ባለ ራንች በደስታ ይመልስላችኋል።

አሁን የደወሉልኝ ወንድሞቼ ጠንካራ የሚሉት መከራከሪያ አለ፤ እውነትም ጠንካራ ነው። ቀንዱ እንደ ጎራዴ ወደ ኋላ የታጠፈ የሰሃራ ኦሪክስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዱር ፈጽሞ ጠፍቷል ተብሎ ተመዘገበ። ቴክሳስ ራንቾች ውስጥ ግን በብዛት ነበረ፤ ምክንያቱም አዳኝ ይከፍልበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 አቡ ዳቢ ካሰባሰበችው መንጋ ቻድ ውስጥ ወደ ዱር መለቀቅ ጀመረ፤ በ2023 ደግሞ የአደጋ ደረጃው ተሻሻለ። «እንግዲህ አጥር ያድናል» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ቤቱ ለፈረሰበት እንስሳ አጥር መጠለያ ይሆናል። የደጋ አጋዘን ቤት ግን ገና አልፈረሰም። ቤቱ ያለውን እንስሳ ወደ መጠለያ ማስገባት ቤቱን ለሌላ መልቀቅ ነው።

የበሽታም ነገር አለ፤ የእንስሳት ሐኪሞቻችን ከኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ዋላን አክስቶ የሚገድል፣ ፕሪየን በሚባል የተበላሸ ፕሮቲን የሚመጣ፣ መድኃኒትም ክትባትም የሌለው በሽታ አለ። መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ለምርምር ታጉረው በነበሩ ዋላዎች ላይ ነው። ቴክሳስ ውስጥ በ2012 በዱር ዋላ፣ በ2015 በአርቢ ግቢ ተገኘ። አርቢዎች ከብት እንደሚገበያዩ ዋላ ስለሚገበያዩ፣ አንዱ ግቢ ሲታመም ከሱ የገዙት ሁሉ ይመረመራሉ። መንጋው በሙሉ የተገደለበትም አለ። የኛ አጋዘን ይህ በሽታ የለበትም። ትምህርቱ ግን ያው ነው፦ የዱር እንስሳን አጉሮ ከቦታ ቦታ ማመላለስ የዱሩን በሽታ ወደ በረት፣ የበረቱን በሽታ ወደ ዱር ይወስዳል። ባሌና አርሲ ደግሞ ከብት የበዛበት አገር ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። የደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ የለም። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ዛሬ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከተኳሽ ይልቅ የሚያስጨንቀው የሚታረሰው ጫካና የሚሰማራው ከብት ነው። ሕገ መንግሥታችን የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ልክ ቴክሳስ ዋላው የሕዝብ ነው እንደምትለው። በሕጉ መሠረት አደን በፈቃድ ይካሄዳል። ሙኔሳ፣ ሀንቶ፣ ኦዶ ቡሉ፣ አባሸባ ደመሮ የምንላቸው ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎች አሉ።

እዚያ የሚመጣው የውጭ አገር አዳኝም በብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ለምንድን ነው? ሁለት ሦስት ሳምንት በጥድና በኮሶ ጫካ፣ በአስታ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ በጉም መካከል አንድ ያረጀ ወንድ ለመፈለግ ነው። አግኝቶ የማይተኩስበት፣ ጨርሶም ሳያገኝ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ይኸው ነው እንግዲህ ቴክሳስ ያለ አርቢ በምንም መኖ ሊያመርተው የማይችለው ነገር። በኔ ሙያ ቀንድ ማሳደግ ይቻላል፤ ጉሙን ግን ማመጣጠን አይቻልም።

አጥረን ብናረባውስ? አጥር ውስጥ ሃምሳ አጋዘን ያለው ሰው ስለ ጫካው ምን ገዶት? ገንዘቡ ወደ አጥሩ፣ ወደ መኖውና ወደ ጥበቃው ይሄዳል፤ ጫካው ባለቤት ያጣል። ዋጋውም ከጊዜ በኋላ ይወርዳል፤ ብርቅ የሆነው ነገር ጓሮ ሲገባ ብርቅነቱ ያበቃልና። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ይህን ስል ያለው አሠራር ይበቃል ማለቴ አይደለም። ገብሱን አጋዘን የበላበት የዲንሾ ገበሬ ከአዳኙ ዶላር ምን አየ? ኮታው የሚወሰነው በደንብ በተሠራ ቆጠራ ነው ወይስ በግምት? የጫካ ጠባቂው ደመወዝ በወሩ ይደርሰዋል? ገንዘብ ያላችሁና ለአጥር ልታውሉት ያሰባችሁ ወንድሞቼ፣ ገንዘባችሁን የሚጠብቀው ሥራ ይሄ ነው። ለአንድ ክረምት ቆጠራ የሚወጡ የማስተርስ ተማሪዎችን ስንቅና ድንኳን ቻሉ። ለጠባቂዎች ጫማና ሬዲዮ ግዙ። ከአደን የሚገኘው ገቢ ለቀበሌው ሰው በምን መንገድ እንደሚደርስ የሚያጠና ተማሪ ደግፉ። ትርፍ አያመጣም፤ ሳታጥሩት ግን ልጆቻችሁ ያዩታል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። እኛን ስለ እርባታ፣ ስለ መኖና ስለ ምርታማነት በደንብ አስተምራችሁናል፤ በዚያም አገር ለአገር ዞረን እንጀራ በልተናል። ዛሬ ግን ተመራቂዎቻችሁን ነገ አንድ ባለሀብት ይዞ ይመጣና «አጥር አጥርልኝ፣ አዳቅልልኝ» ይላቸዋል። እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ። መሠራት ያለበት መሆኑንና አለመሆኑን የሚያመዛዝኑበት ሰዓት በክፍል ውስጥ ስጧቸው። አደን ትክክል ነው ወይስ ስህተት የሚለውን ክርክር አይደለም የምለው፤ እሱ ላይ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አንስማማም። የምለው፣ የዱር እንስሳ እስከ መቼ የዱር እንስሳ ነው፣ ከመቼ ጀምሮስ ከብት ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ነው። በኔ ግምት መልሱ የቀንዱ ልክ ላይ የለም። ጠዋት በር ከፍቶ የሚያበላው ሰው ካለ ከብት ነው፤ ከብትን ደግሞ እናርዳለን እንጂ አናድንም።